ባሱ ድልድዩን እስኪያልፍ

«አንቺ ደግሞ ለሷ ምኗ ነሽ?»

ይህን ያለኝ ጋሽ ጌታቸው ነው፤ ለቅሶ ቤቱን በሞላው ሰው ፊት። ከሺፍት በቀጥታ ስለመጣሁ የሥራ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በካልሲ ቆሜያለሁ። እትዬ ውድነሽ ያረፉት ከትናንት ወዲያ ነው። የእህታቸው ልጅ ጌታቸውና የእድሩ ሽማግሌዎች ሬሳው ወደ ደሴ እንዴት እንደሚላክ ይነጋገራሉ፤ በየትኛው በረራ፣ ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ እዚያ ማን እንደሚቀበል። መሃል ገብቼ፣ እትዬ የሚቀበሩት ደሴ ሳይሆን አርድሌን ነው አልኩ። ከዚያ ነው ጥያቄው የመጣው።

ዘመዳቸው አይደለሁም። ቶሮንቶ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር፣ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለው ረጅም ሕንጻ ውስጥ ጎረቤታቸው ነበርኩ። እህቴ ጋ ነው የምኖረው፣ እሳቸው እዚያው ፎቅ ላይ ጥቂት በሮች አለፍ ብለው። በቃ ይኸው ነው።

የተዋወቅነው እህቴ በርበሬ አድርሺላቸው ብላ ስትልከኝ ነው። ሰጠኋቸው፣ ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ። ዞር ስል ከኋላዬ እየመጡ ነው። ቀጭን ረጅም ሴት፣ ነጠላቸው ላይ እጅጌው የተጠቀለለ የወንድ ዝናብ ልብስ ደርበዋል። እኛው ፎቅ ላይ፣ እዚያው ኮሪደር ውስጥ፣ እቤቴ በር ድረስ ሸኙኝ። ግራ ገብቶኝ አመሰግናለሁ ብዬ በሩን ዘጋሁት። በማግሥቱ አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ፣ ትናንት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋሽው አሉኝ። ሰው ሲሸኝሽ ቢያንስ እስከ ግማሽ መንገድ መልሰሽ ትሸኛለሽ እንጂ። ያን ቀን መልሼ ሸኘኋቸው። እሳቸው ደግሞ እንዴት ብቻሽን ትመለሻለሽ ብለው ተከተሉኝ። እህቴ በሩን ከፍታ እስክትጮህብን ኮሪደሩን ተመላለስንበት።

ስሜን ሲሰሙ ሳቁ። ትዕግሥት ይሄ ነው እንግዲህ፣ አሉ፣ አሳንሰር እስኪመጣ በእግሩ የሚያንኳኳ። እውነታቸውን ነው። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፣ ያሰብኩትንም ሳልናገር አላድርም፤ በዚህ ጠባዬ ከስንት ሰው ተጣልቻለሁ። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልተቀየሙኝም። አርድሌን ውስጥ ከኔ የባሱ አሉ ይሉኝ ነበር።

አርድሌን ስኮትላንድ ውስጥ፣ በምዕራቡ ባሕር ዳር ያለች መንደር ናት። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው ተራራ፣ መሃል ላይ አንድ ረድፍ ቤት። ስሟ ካርታ ላይ እስኪወጣልኝ ስልኬ ላይ አስፍቼ አስፍቼ ጣቴ ደከመ። እትዬ ተወልደው ያደጉት ደሴ ነው። በደርግ ጊዜ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ ገዳሪፍ የእርዳታ መኪና የሚጠግን ኢያን የሚባል ስኮትላንዳዊ አገኛቸው፣ ተጋቡ፣ ወደ መንደሩ ወሰዳቸው። ዕድሜያቸውን አብዛኛውን እዚያ ጨረሱት። አማርኛቸው የወሎ፣ እንግሊዝኛቸው የአርድሌን ነበር። ፋርማሲ ሄደው ሲያወሩ ልጅቷ አፏን ከፍታ ታያቸውና ወደኔ ትዞራለች። እኔ እንግሊዝኛቸውን ወደ እንግሊዝኛ አስተረጉምላታለሁ።

ማኅበር ላይ ሰው ሁሉ የአገሩን ሲያወራ እሳቸው የሚያወሩት አርድሌንን ነው። «ስኮትላንዷ» ይሏቸዋል፣ በፍቅርም በሽሙጥም። እሳቸው ግድ የላቸውም። መንደሯን የወለዳት ድንጋይ ነው ይላሉ፤ እንደ ጣውላ እየተሰነጠቀ ጣሪያ የሚከደንበት ጥቁር ድንጋይ። ተራራውን ቆፍረው ያወጡታል፣ መርከብ ይጭነዋል፣ የስንት ከተማ ጣሪያ ከዚያች መንደር ሄዷል። ኋላ ባቡር ገባ። ከዚያ ቁፋሮው ውስጥ ባሕሩ ገባበትና ሥራው ቆመ፤ ባቡሩም ሰው ብቻ ማመላለስ አላዋጣ ሲለው ቀረ፣ ሐዲዱን ነቅለው ወሰዱት። እትዬ ሲደርሱ ጣቢያው የሰው መኖሪያ ሆኗል፤ መንገደኛ ይቆምበት የነበረው መድረክ ላይ ጎመን ተተክሏል። የቀረችው አንዲት ባስ ነበረች።

«መርከቡ ባቡር መጣ ተብሎ ቀረ» ይሉኝ ነበር በመስኮታቸው ሥር የኤርፖርቱ ባቡር ሲያልፍ። «ባቡሩ ባስ አለ ተብሎ ቀረ። ባሱ ደግሞ ሁሉም ሰው መኪና አለው ተብሎ ቀረ። እኔ መኪና አልነበረኝም።»

መንዳት አልተማሩም ማለት አይደለም። ኢያን ለፍቶባቸዋል። የዚያ አገር መንገድ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ በየመሃሉ መኪና የሚጠጋበት ጥግ አለው፣ ጥጉ የቀረበው ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። እትዬ ግን ሰው ቀድሞ ማለፍ ነውር ሆነባቸው። ከሩቅ መኪና ካዩ ጥግ ይይዙና በመብራት ይለፉ ይላሉ። ያኛውም የአርድሌን ሰው ነውና፣ የለም እርስዎ ይለፉ ብሎ ይቆማል። ሁለቱም ቆመው መብራት ይለዋወጣሉ፤ ኢያን ጋዜጣውን ዘርግቶ ያነባል። የፈተናቸው ቀን ከፊት የመጣው የበግ መንጋ ነበር። ለበጎቹ ቆሙ፣ በጎቹም ቆሙ። ፈታኙ ጣላቸው። በጉ እንኳን ይሉኝታ ያለው አገር ነው ይሉ ነበር ሲያወሩት፣ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ።

ስለዚህ ባስ ነበር የሚሄዱት። ባሷን የምትነዳው ሞራግ የምትባል ቁጡ ሴት ነች። ዳቦ፣ መድኃኒት፣ እንቁላል፣ የአንዱን መልእክት ለሌላው፣ ሁሉንም ትጭናለች። በመጀመሪያው ቀን እትዬ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመው ባሷ አልፋቸው ሄደች። ጥቁር ስለሆንኩ ነው ብለው አልቅሰው ተመለሱ። በማግሥቱ ሞራግ እቤታቸው ድረስ መጥታ ተቆጣች። እጅሽን ካልዘረጋሽ እንዴት አውቃለሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ በግም ይቆማል አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ የትም አገር ባስ ሲመጣ እትዬ እጃቸውን ሳይዘረጉ ቀርተው አያውቁም። ቶሮንቶ ባስ ሰው ቆሞ ካየ እንደሚቆም ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ። አይሰሙኝም። ሾፌሩ እጃቸውን ሲያይ ሰላም ያሉት መስሎት እጁን ያነሳላቸዋል።

መንደሩ ውስጥ መጀመሪያ ሰው የሆኑላቸው አማታቸው ናቸው። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሯቸው ከረሙ። ከዕለታት አንድ ቀን እትዬ ከተማ ሐኪም ቤት ሊሄዱ ሲወጡ፣ አሮጊቷ ኮታቸውን ለብሰው ተከተሏቸው። ዝናብ ነው። ባስ መጠበቂያው ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አሁንም ቃል የለም። ባሷ መጥታ እትዬ ገቡ፣ ወደ ኋላ ሲያዩ አሮጊቷ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው ቆመዋል። እጃቸውን አላውለበለቡም። ባሷ ድልድዩን እስክታልፍ ድረስ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። የአርድሌን ሰው እንደዚያ ነው የሚሸኘው። «እናቴ ትዝ አለችኝ» አሉኝ እትዬ። «ያን ቀን ነው እቃዬን ከሻንጣ ያወጣሁት።»

ኢያን ሲሞት ባሷ በየቀኑ መምጣት ትታ በሳምንት ጥቂት ቀን ሆና ነበር። ቀጥሎ ቀድመሽ ካልደወልሽ አትመጣም ተባለ። ቀጥሎ ጭራሽ ቀረች። ሞራግ በራሷ መኪና ሐኪም ቤትም ገበያም ስታመላልሳቸው ቆየች፤ የሷም ዓይን ደከመና መንጃ ፈቃዷን ወሰዱባት። ክረምቱን ሁለቱም መስኮት ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ከረሙ። ያኔ ነው ጋሽ ጌታቸው ሄዶ ወደዚህ ያመጣቸው። በሄዱበት ቀን ታክሲ ሊወስዳቸው ሲመጣ፣ መንደርተኛው ባስ የማይመጣበት ባስ መጠበቂያ ውስጥ ተሰብስቦ ተቀምጧል። የሚሸኘው እዚያ ነዋ። ታክሲው እዚያ ቆሞ ጫናቸው። ኢያን ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ቀረ።

ቶሮንቶ ሲያመጣቸው ጋሽ ጌታቸው ባቡር ያለበት ሰፈር ፈልጎ ነው ዌስተን የተከራየላቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል።

እኔ ኢቶቢኮ የሚባለው ሰፈር ዌርሃውስ ውስጥ ሥራ ስጀምር እትዬ በየቀኑ ባስ ማቆሚያው ድረስ ይሸኙኝ ጀመር። ብርድ ነው፣ በረዶ ነው፣ ይመለሱ ብል አይመለሱም። የሥራ ባልደረቦቼ እዚያው ባስ ላይ ስላሉ አፍር ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም፣ ምን ያስቸግርዎታል አልኳቸው።

«ማን ላንቺ ብሎ» አሉኝ። «እኔም ከቤት የምወጣበት ምክንያት ይኑረኝ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ አላፈርኩም። ልፈር ብልም ጊዜ አልነበረኝም፤ ባሱ ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው መንገዱ ጫፍ ላይ ስለሚቆሙ ወደ ኋላ መጎተት የኔ ሥራ ነበር።

እሑድ እሑድ ሞራግ ጋ ኮል አደርግላቸዋለሁ፣ ስፒከር ላይ። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፣ እንደኛው ረጅም፤ ጉልበትሽስ፣ ዓይንሽስ፣ ዶሮዎቹስ። ከዚያ «መንገዱስ?» ይላሉ። ሞራግ ትዘረዝራለች። ተራራው ተንዶ መንገድ ዘግቷል፣ ጀልባው ተበላሽቶ ከወደብ አልወጣም፣ ባሱ ይመለሳል ብለው ስብሰባ ጠርተው ነበር፣ ከስብሰባው የተመለስነው በሰው መኪና ነው። እትዬ ሌላው ሰው የዘመድ ወሬ እንደሚሰማው ነው የሚሰሙት። ባሱ ከተመለሰ እሄዳለሁ ይሉኝ ነበር ስልኩ ሲዘጋ። አይመለስም እላቸዋለሁ። አውቃለሁ ይሉኛል።

አንድ ቀን መጋረጃቸው ተበጥሶ ገመዱን ልይዝላቸው ወንበር ላይ ወጣሁ። ከታች ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ ያዢው አትልቀቂ፣ ኢያንን ስናወርደው እንደዚህ ነው የያዝኩት አሉ። አርድሌን የሬሳ ሳጥን የሚወርደው በገመድ ነው፤ እያንዳንዱን ገመድ የሚይዘው ሰው አስቀድሞ በስም ይነገረዋል። ራስጌው የቅርብ ዘመድ ነው። ድሮ ሴት ጭራሽ መቃብር አትሄድም ነበር። የኢያን ወንድም ግን ወደ እትዬ መጥቶ ራስጌው ያንቺ ነው አላቸው።

«ሲጀምር ክብደቱ እጅሽ ላይ ነው» አሉኝ። «ኋላ ይቀልሻል። ሲቀል ነው የምታለቅሺው።»

ከዚያ ልክ ነገ ዳቦ ግዢልኝ እንደሚሉት ሁሉ፣ እኔን ከኢያን ጎን ስታወርዱኝ አንዱን ገመድ አንቺ ትይዢልኛለሽ አሉ። እኔ ማስመሰል አልችልም። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም፣ ከካናዳ ከወጣሁ አልመለስም፣ አልችልም አልኳቸው። መጋረጃውን አቃንተው ራቅ ብለው አዩት።

«እንግዲያው እስከምትችይበት ትሸኚኛለሽ» አሉኝ።

ልባቸው ነው አሉ ሐኪሞቹ። ጠዋት ባስ ማቆሚያው ድረስ ሸኝተውኛል፣ ስመለስ አልነበሩም። ከዚያ ወዲያ ያለው እንግዲህ ለቅሶ ቤቱ ነው።

«ምናቸውም አይደለሁም» አልኩት ጋሽ ጌታቸውን። «ግን ነግረውኛል።»

ለሱም ነግረውት እንደነበር አልካደም። ያረጀች ሴት ወሬ መስሎት ነበር። አገሯ ደሴ ነው አለ፤ ወላጆቿ እዚያ ናቸው፣ የሱም እናት እዚያ ናት፣ እህቷ ጎን ትረፍ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ሁሉ እኮ አገር ቤት ነው የሚላከው፤ ስኮትላንድ አገር ቤት ነው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እኔ እትዬ ከወላጆቻቸው ቤት ይልቅ ኢያን ቤት የኖሩት እንደሚበልጥ ተናገርኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ እህቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«እዚያ ማን አላት?» አለ ጌታቸው፤ አሁን እሱም ቆሟል። «ባስ እንኳን የማይገባበት አገር ልላካት? ማንም ሳይሸኛት፣ እንደ እቃ? ነገ እናቴን ምን እላታለሁ?»

እናቱ ሞታለች። ማንም አላረመውም።

ስልኬን አወጣሁ። ለሞራግ ጠዋት ከሥራ ሆኜ መርዶውን ነግሬያት ነበር፤ አሁን ኮል አድርጌ ስፒከር ላይ አደረግኳት። የእህታቸው ልጅ እዚህ ነው፣ ሬሳው ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ ነው፣ እዚያ ማን አላት እያለ ነው አልኳት። ከኋላዋ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«ጌታቸው» አለችው፤ ስሙን አጣማ ግን በሙሉ ጠራችው። «ራስጌው ያንተ ነው። ሌሎቹን ገመዶች የሚይዙ አሉ፤ ውድነሽ ራሷ ነው የመረጠችን። አንተን ነው የምንጠብቀው።»

ገመዱ ምን እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ አስረዳሁ። አንደኛው፣ ታዲያ ራስጌውን የሚይዘው የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ነው ብለው ጠየቁ። አዎ አልኩ። ጌታቸው ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ ኩሽና ገባና በሩን ዘጋው። ቡና የያዘችው ልጅ እንኳን ባለችበት ቆማ ጠበቀች። ሲወጣ ፊቱን ታጥቧል።

«ሬሳ የሚያመጣው መኪና መጀመሪያ ባስ መጠበቂያው ጋ ይቁም ትላለች» አለ ለኔ ብቻ፣ ዝቅ አድርጎ። «ሰዎቹ እዚያ ነው የሚቀመጡት አለችኝ። ለምንድን ነው?»

ነገርኩት። ተቀመጠና በነጠላው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። ደሴን ደግሞ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ስልኩን መልሼ ስወስድ ሞራግ አልዘጋችም ነበር። አንቺ አትመጪም አይደል አለችኝ። አልመጣም አልኳት።

«ያንቺን እኔ እይዘዋለሁ» አለች። «ባስ የነዳሁበት እጅ ነው፣ አይለቅም።»

ፍትሐቱ እዚሁ ቶሮንቶ ተደረገ። ሳጥኑ ከቤተክርስቲያን ወጥቶ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለው የጭነት መጋዘን ነው የሚሄደው፤ ማታ ይበራል፣ ጌታቸውም አብሮ። ሰው ሁሉ ከፍትሐቱ በኋላ ለእዝኑ ምሳ ወደ አዳራሹ ይገባል። መኪናው ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፣ እሱም ጌታቸው ነው። እኔ ሰፈሩን አውቀዋለሁ፣ የምሠራበት ነው። ወደ መጋዘኖቹ የሚያስገባው መንገድ አውራ ጎዳናውን በድልድይ ያቋርጣል፤ ከድልድዩ ወዲያ እግረኛ አያስገቡም። ከድልድዩ ወዲህ ባስ ማቆሚያ አለ። እትዬ የሰጡኝን የኢያንን ዝናብ ልብስ ደርቤ፣ ቀድሜ በታክሲ ሄድኩና መጠበቂያው ውስጥ ተቀመጥኩ። ዝናብ አልነበረም።

አንድ ባስ መጣ፤ ሾፌሩ ቆሞ በሩን ከፈተ። ሰው እየሸኘሁ ነው አልኩት። ዙሪያዬን አየ፣ ማንም የለም፣ ዘግቶ ሄደ።

ጥቁሩ መኪና ሲመጣ ተነስቼ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ጌታቸው ከፊት ተቀምጧል፤ አየኝ፣ ለሾፌሩ አንድ ነገር አለው፣ መኪናው አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ማንም አልወረደም፣ መስኮትም አልተከፈተም። ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። እጄን አላውለበለብኩም። ድልድዩ ላይ ወጣ፣ መሃሉ ደረሰ፣ አለፈ።

ቀጣዩ ባስ ከሩቅ ታየ። እጄን ዘረጋሁ። ቆመልኝ፣ ገባሁ።